ኮረንቲና ጉርሻ

ቅቤ ስገዛ እስከ ውስጡ በቢላ ሳልወጋ አልከፍልም። መቱ መናኸሪያ አጠገብ ቅቤ፣ ማርና በርበሬ ስሸጥ ነው የኖርኩት፤ አባቴም ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው ያረጀው። ከላይ ንጹሕ ቅቤ፣ ከሥሩ የተላቆጠ ሙዝ ያመጣልኝ ሰው አለ፤ ሰላምታው ከቅቤው ይበልጥ ይለሰልስ ነበር። በርበሬውንም ቆንጥሬ ውሃ ውስጥ እበትነዋለሁ፤ ሸክላ ከተደባለቀበት ሥሩ ቁጭ ይላል። ባለቤቴ «አንቺ ለቅሶ ቤት ሄደሽ ሬሳውን ካልነካሽ አታለቅሽም» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ደርሶብኝ ነው እንጂ ጥርጣሬን ከእናቴ ሆድ ይዤው አልወጣሁም።

እንግዲህ እንዲህ ላለችው ሴት ነው አንድ ክረምት ሰዎች መጥተው የልጅሽ ጭንቅላት ላይ ኮረንቲ እናድርግ ያሏት።

ልጄ አንድ ናት። ምጡ ረዝሞ፣ ታፍና ነው የተወለደችው። ገና ስትድህ ነገሩን ሁሉ በግራ እጇ ስትይዝ ጎረቤቱ «ግራኝ ናት፤ ግራኝ ብልህ ነው» ብሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቶ ግን ቀኝ እጇ እንደጨበጠ ቀረ፤ አውራ ጣቷ መዳፏ ውስጥ ተደብቆ፣ ክርኗ ታጥፎ። ጎሬ ድረስ ለጠበል ወሰድኳት። ባለቤቴ ፕሮቴስታንት ነውና እነሱም ጸለዩላት። ወጌሻም አሸልኝ። በኋላ ጅማ ያያት ሐኪም የሕመሙን ስም ነገረን፤ ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል አለ። ስትወለድ በመታፈኗ አንጎሏ ተጎድቷል፤ እጁ ራሱ ደህና ነው፣ ትእዛዝ የሚሰጠው ነው የታመመው አለን። እጁ ደህና ከሆነ ለምን አይሠራም ብዬ እሱንም ጠረጠርኩት።

በእኛ ዘንድ ቀኝ እጅ ዝም ብሎ እጅ አይደለም። ይበላበታል፣ ይጨበጥበታል፣ ለትልቅ ሰው ይሰጥበታል። ልጄ ግራ እጇን ወደ ትሪው ስትዘረጋ ማንም ክፉ አይናገራትም፤ ዝም ይላሉ። አማቴ ያን ዝምታ መሸከም አልቻሉም። ከጎሬ ወዲያ ያለችው የቡሬ ሴት ናቸው፤ ልጄ ከተወለደች ጀምሮ እኛው ቤት ነበሩ። መላቸው ቀላል ነበር፤ ልጅቷ እጇን ከማንሳቷ በፊት ያጎርሷታል። «አፍሽን ክፈቺ፣ ኢንተላ ኮ» ይሏታል፣ «ልጄ» ማለታቸው ነው። እሷም በኦሮምኛ «አኮ» ትላቸዋለች፣ አያቴ እንደማለት። እንዲህ እየተባለ ሰባት ዓመት ሞላት፤ እጇ አንድም ቀን ትሪ ሳይነካ።

ቤት ውስጥ ይህ ችግር አይመስልም ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ጉዱ ታየ። ልጆች ምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ ከፍተው ነው የሚበሉት። የእኔዋ ግራዋን ማውጣት ታፍራለች፣ ቀኟ አይታዘዛትም፣ አኮ ደግሞ እዚያ የሉም። ምሳ ዕቃዋን ጠዋት እንደቋጠርኩላት ይዛው ትመጣለች። «ለምን አልበላሽም?» ስላት «አልራበኝም» ትለኛለች። ከዚያ ኩሽና ትገባና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቆማ፣ በግራ እጇ የቀዘቀዘውን ትውጠዋለች። ያን ያየሁ ዕለት ሌላውን ምኞት ሁሉ ተውኩት። ጽሕፈቱም ይቅር፣ ሹሩባውም ይቅር፤ ልጄ ሰው ፊት ተቀምጣ ራሷ ትብላልኝ አልኩ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናቡ መንገዱን ባቦካበት ሰሞን ነው ወሬው የመጣው። ከሌላ ከተማ የመጡ ባለሙያዎች አዳራሽ ተከራይተው አንድ እጃቸው የማይታዘዝላቸውን ልጆች ሊያሠለጥኑ ነው ተባለ። ልጄን ሳልይዝ ብቻዬን ሄድኩ። ያስረዳን ወጣት ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣለት፣ ጫማውን የመቱ ጭቃ ያልለመደው ነበር። «ዶክተር አይደለሁም፣ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ ነኝ» ቢለንም እኛ ዶክተር ማለታችንን አልተውንም።

ሥራው ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው፣ ደህናው እጅ ላይ ወፍራም ጓንት ይጠለቅና ደካማው እንዲሠራ ይደረጋል፤ በኋላ ሁለቱ እጆች አብረው ይለማመዳሉ። ይህ ገባኝ። ሰነፍ ሠራተኛ እጁን የሚያነሳው ጎበዙ የቀረ ዕለት ነው። ሁለተኛው፣ በጨው ውሃ የራሰ ስፖንጅ ጭንቅላት ላይ ይታሰርና ከአንዲት ትንሽ ሳጥን በጣም ደካማ ኮረንቲ ይለቀቃል። አንጎል ልምምዱን ቶሎ እንዲቀበል ይረዳ እንደሆነ ለማየት ነው አለ።

«ይረዳ እንደሆነ?» አልኩት።

«አዎ፣ ገና እያጠናነው ነው።»

ነጋዴ ስለ ዕቃው «ጥሩ መሆኑን አላውቅም» ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ ጭራሽ አስጠረጠረኝ። የባሰው ደግሞ ከዚያ ቀጠለ። ከልጆቹ ግማሾቹ እውነተኛውን ኮረንቲ፣ ግማሾቹ ባዶውን ያገኛሉ። ባዶው ሲጀምር ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግና ወዲያው በራሱ ይጠፋል፤ ሳጥኑ ግን እንደበራ ነው። ለማን የትኛው እንደደረሰው እኛም አናውቅም፣ ልጆቹም አያውቁም፣ እሱ ራሱም አያውቅም። የሚያውቁት ሩቅ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ይነገረናል።

ተነሣሁ። «ወንድሜ፣ እኔ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ከሁለቱ ቅሎች አንዱ ሙዝ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም ብልህ ትገዛለህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። «አልገዛም» አለኝ። «ግን እትዬ፣ ቅቤው ቢለያይም እንጀራው ለሁሉም አንድ ነው። ልምምዱን ሁሉም ልጆች እኩል ያገኛሉ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እኔ ራስ ላይ አድርገው።»

ራስ ላይ አይፈቀድልኝም፣ ክንድዎ ላይ ላሳይዎት አለኝና ስፖንጁን አሰረልኝ። ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝ፤ ከዚያ ለቀቀኝ። «አሁን ይሄ እውነተኛው ነው ባዶው?» ስለው «ሲጀምሩ ሁለቱም እንደዚህ ናቸው» አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢላዬ የማይገባበት ነገር ገጠመኝ።

ታዲያ ለምን እሺ አልሽ የሚለኝ አይጠፋም። ኩሽና ውስጥ ወደ ግድግዳ ዞራ የምትውጥ ልጅ ያለችው ሰው ይጠይቀኝ።

አማቴ ሲሰሙ እሳት ሆኑ። ዝናብ የጣለው የመብራት ሽቦ የጎረቤታቸውን በሬ ሲገድል በዓይናቸው አይተዋል። «ደህናውን እጅ ማሰር፣ ጭንቅላቷን ማስነዘር! ጤነኛ ሰው ይህን ያደርጋል? ማሎ፣ እባክሽ ተዪ» ብለው ለመኑኝ። ባለቤቴ እናቱንም እኔንም ፈርቶ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» አለ፤ ይህ ደግሞ ከማንም ወገን አይደለም።

ሥልጠናው ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት በባጃጅ አደርሳታለሁ። ሳጥኗ አረንጓዴ መብራቷን ታበራለች፣ ልጄ ስፖንጁን እንደ ሻሽ ታስራ ትቀመጣለች፣ ግራ እጇ ጓንት ውስጥ ገብቶ ቀኟ ትሠራለች። የልብስ መቆንጠጫ ከገመድ ላይ ማንሳት፣ የጠርሙስ ክዳን ማገላበጥ፣ በቆሎ መፈልፈል፣ የተቀቀለ ጎደሬ መላጥ። በመጀመሪያ ጣቶቿ ነገሩን ከመያዝ ይልቅ ይገፉት ነበር። ትናደዳለች፣ መቆንጠጫውን ትወረውራለች፣ ወጣቱም ሳይቆጣ ሄዶ ያመጣላታል። ትዕግሥቱን ሳይ ምን ቢያገኝበት ነው እል ነበር።

እኛ ወላጆች በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሌላ ሥራ ይዘናል። ባዶው የደረሰው የማን ልጅ ነው? ከኖፓ ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፤ ባዶው ይድረሰው ብላ ስለት ተስላለች። እኔም መጀመሪያ እንደሷው ነበርኩ። እየዋልን እያደርን ግን፣ ከመጣሁ አይቀር እውነተኛው ይሁንልኝ ማለት ጀመርኩ። ልጆቹ ሲወጡ ጸጉራቸውን ገለጥ እያደረግን እናያለን፤ የቀላ ምልክት ካለ እውነተኛው ነው፣ ከሌለ ባዶው ነው ተባለ። ከዚያ ሁሉም ላይ የቀላ ምልክት ተገኘ፤ ስፖንጁ ሲታሰር ያጠብቅ ነበርና። ወደ መጨረሻው የኖፓዋ ሴትም እንደኔው እውነተኛውን መመኘት ጀምራ ዓይኗን በእኔ ላይ አደረገች። «ሱቅ ላላት ሴት ባዶውን አይሰጡም» አለችኝ። እኔ የምጠረጥር መስሎኝ ስኖር ለካ ስጠረጠር ነው የከረምኩት።

ጓንቱ ቤትም ይጠለቅ ነበር፤ በተለይ በምግብ ሰዓት። ጠልቆ፣ ልጅቷ በቀኟ ለመብላት ትታገላለች፣ እየታገለች ትለምዳለች፤ የተባልነው ይህ ነው። እኔ ሱቅ እውላለሁ። ማታ ስገባ አማቴን «ምሳዋን በላች?» እላቸዋለሁ። «ጥርግ አድርጋ» ይሉኛል፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አድርገው። ደስ ይለኛል። ለአንድ ሰሞን እንኳ የኮረንቲውን ነገር ረስቼው ነበር።

አንድ ቀን ወጣቱ ጠራኝ። «መቆንጠጫውን ይዛለች፣ ክዳኑንም ታገላብጣለች። ምግብ ሲቀርብላት ግን እጇን አታነሳም፤ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ቤት ማን ነው የሚያበላት?»

«ማንም! ራሷ ናት የምትበላው!» አልኩት። ባዶውን አድርገውባት ሲያበቁ ጥፋቱን ወደ ቤቴ ሊያዞሩት ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ሱቅ ከደረስኩ በኋላ ግን የአማቴ የዞረ ፊት ትዝ አለኝ። ፊቱን እያዞረ የሚሸጥልኝን ሰው ስንቴ አይቻለሁ! ሱቄን ዘግቼ በዝናቡ ወደ ቤት ገሰገስኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ልጄ መሀል መደብ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች፤ ጓንት ያጠለቀው እጇ ጭኗ ላይ ነው፣ ቀኙም ጭኗ ላይ ነው። በአንድ በኩል አማቴ፣ በሌላ በኩል ጎረቤታችን። ጎደሬ ልትሸጥ ደጅ የመጣች የማላውቃት ሴት እንኳ ቅርጫቷን አውርዳ እጇን ታጥባ ተሰልፋለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለት ሁለቱን ነው የሚያጎርሷት። ለካ ጓንቱ ያመጣው ይህን ነው። እጇ ያልታሰረ ልጅ አይተው ዝም ብለው የሚያልፉ ሰዎች፣ እጇ የታሰረ ልጅ አይተው ማለፍ አልቻሉም። እኛ እጇን ለማሠራት አሰርነው፣ ሰፈሩ ደግሞ እጅ ሆነላት።

«ምንድን ነው የምታደርጉት?» ብዬ ገባሁ።

ጎረቤታችን «ታዲያ እጇ ታስሮ እያየን ጦሟን ትዋል? ልባችን ድንጋይ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ ጭራሽ እሷ ተቆጣች። የጎደሬዋ ሴት ቅርጫቷን አንስታ ወጣች።

አማቴ አልተነሡም። ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልለው ይዘዋል። «አንቺ ጭንቅላቷን ለማን አሳልፈሽ እንደሰጠሽ አላውቅም» አሉኝ። «ዛሬ ማን እንደሆኑ የማናውቃቸው ሰዎች የልጄን ልጅ አታጉርሺ ይሉኛል? እኔ አልሰማም። ሚቲ! አይሆንም።» ይህን ብለው ጉርሻውን ወደ ልጄ አፍ ዘረጉ።

የትልቅ ሰው ጉርሻ አይመለስም። እኔም በእጃቸው መሀል ልገባ አልቻልኩም፤ ክንዴ ተነሥቶ ቀረ። ልጄ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ አፏን ገጠመች።

«አኮ፣ እኔ ራሴ» አለች ከንፈሯን በቅጡ ሳትከፍት።

ጉርሻው አየር ላይ ቆመ። አማቴ ቢቀርቡት ራሷን ወደ ኋላ ሳበች። እሳቸውም ቀስ ብለው ትሪው ላይ መለሱት፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ተነሡ። በማግሥቱ «ሴት ልጄ ናፍቃኛለች» ብለው ቡሬ ወረዱ። አልተጣላንም፤ ቢጣሉኝ ይሻለኝ ነበር።

የሄዱ ዕለት ምሳ አቀረብኩላት። «አኮን አንቺ ነሽ ያባረርሻት» አለችኝ። ጓንቱን ራሷ አጠለቀችው፣ ቀኟን ወደ ትሪው ሰደደች። ቁራሹ ተቀደደ፣ ወደቀ፣ እንደገና ተቀደደ። ቀሚሷ ሽሮ በሽሮ ሆነ። እያለቀሰች ነው የበላችው፤ እንባዋን በጓንቱ እየጠረገች። ልረዳት እጄ ይነሣል፣ እመልሰዋለሁ። ልጅን እያዩ አለማጉረስ ከምጥ ይከብዳል፤ ሁለቱንም አይቼዋለሁ።

ሥልጠናው አልቆ፣ እንግዶቹ ሳጥኖቻቸውን ጭነው ሄደው፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ምሳ ዕቃዋ ባዶውን መምጣት ጀመረ። አመንኩ? አላመንኩም። ለውሻ ጥላው ይሆናል አልኩ፣ ጓደኞቿ እያጎረሷት ይሆናል አልኩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሄጄ በትምህርት ቤቱ አጥር ክፍተት አየሁ። ልጆቹ በክብ ተቀምጠዋል። ልጄ በግራ እጇ ምሳ ዕቃውን ደግፋ፣ በቀኟ ትቆርሳለች። ሦስቱ ጣቶቿ ይሠራሉ፣ ሁለቱ እንደታጠፉ ናቸው፤ ግማሹ ይወድቅባታል። አጠገቧ ያለ ልጅ አይቶ ሳቀ። አየችው፣ አኘከች፣ ቀጠለች። እኔ አጥሩን ይዤ አለቀስኩ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሌባ መስዬው «እትዬ፣ ምን ፈልገው ነው?» ብሎ እስኪመጣ ድረስ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ወጣቱ ስልክ ደወለልኝ። ጥናቱ ስላለቀ ማወቅ ከፈለጉ ልንገርዎት አለኝ። ፈለግሁ። «የእርስዎ ልጅ ባዶው ነበር የደረሳት» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ከፋኝ፤ ውሃ በማር ዋጋ እንደተሸጠለት ሰው አኮረፍኩ። «ታዲያ ኮረንቲው ይረዳል አይረዳም?» ስለው «ገና እየታየ ነው» አለኝ። እውነተኛው የደረሰው ለማን ኖሯል? ያ ሁሉ ስለት ለተሳለለት ለኖፓዋ ሴትዮ ልጅ። ደወለችልኝና «ወይኔ፣ የልጄን ጭንቅላት!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው ደግሞ «ግን እኮ አሁን የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል» አለችኝ። የማን ልጅ ይበልጥ እንደተሻለው ብትጠይቁኝ አላውቅም። ስልኩ ላይ የተነገረንም እውነት ለመሆኑ እስከ ዛሬ ቢላ አላስገባሁበትም።

ለገና ባለቤቴ «እናቴን ካላየሁ» ስላለ ሦስታችን ቡሬ ወረድን። አማቴ ልጄን አቅፈው ጭንቅላቷን በጣቶቻቸው ዳበሱ፤ አሁንም የሆነ ነገር ይፈልጋሉ። «ኮረንቲው ሌሊት አያስበረግጋትም?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ኮረንቲ አልነበረም፣ እማማ። ባዶው ነበር የደረሳት።»

ጣቶቻቸውን ከጭንቅላቷ አነሡ። «ታዲያ እጇን ምን አነቃው?»

«ርሃብ መሰለኝ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ከበደኝ። እኚህ ሴት በሰባት ዓመት ውስጥ ልጄን አንድ ቀን እንኳ አላስራቧትም።

ትሪው ቀረበ። ልጄ በጉልበቷ ጠጋ ብላ በቀኟ ቆረሰች። ወጡ ተንጠባጠበባት፤ ማንም ምንም አላለም፣ የዛሬው ዝምታ ግን ሌላ ነበር። አማቴ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ቁራሹ ከትሪው እስከ አፏ ሲሄድ በዓይናቸው ይሸኙታል። እሳቸው አንድ ቁራሽ አልነኩም። ልጄ ጠግባ ወደ ኋላ ልትል ስትል አስተዋለቻቸው።

«አኮ» አለቻቸው፣ «አሁን አጉርሺኝ።»

አማቴ እጃቸውን ከነጠላው አወጡ። ቆረሱ፣ በወጥ ነከሩ፣ ጠቀለሉ። ከዚያ መሀል ላይ ቆም ብለው እኔን አዩኝ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅዱ ያጎረሱ ሴት የልጃቸውን ልጅ ለማጉረስ ከእኔ ፈቃድ ጠበቁ።

«እኔን ምን ያዩኛል፣ እማማ» አልኳቸው። «የጠየቀችዎት እሷ ናት።»

ልጄ አፏን ከፍታ እየጠበቀቻቸው ነበር።